ጓደኛዬ ሪከርዱን ሲሰብር ጀርባው ጎብጦ አየሁ፤ መናገር አልነበረብኝም?

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ ደብረ ብርሃን ጂም እሠራለሁ። ባለፈው ማክሰኞ አብሮን የሚሠራ ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ 140 ኪሎ ዴድሊፍት አነሳ። ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ። እኔ ግን ጀርባው ሲጎብጥ ስላየሁ እዚያው ሰው ፊት ‹ጀርባህ ተበላሽቷል፣ እንዲህ ከቀጠልክ ትሰበራለህ› አልኩት። ዝም አለኝ። ዕቃውን ሰብስቦ ወጣ፤ ከዚያ ወዲህ አልመጣም። ያልኩት እውነት ነው፣ የተናገርኩትም ለእሱ አስቤ ነው። ጥፋቴ ምን ላይ ነው? ስህተት እያየሁ ዝም ልበል?»

መልስ፦ ወንድሜ፣ ለልጁ አስበህ እንደተናገርክ ከጥያቄህ ይታወቃል። ባታስብለት ኖሮ መቅረቱ አያስጨንቅህም ነበር። ጥፋቱ በዋናነት የተናገርክበት ሰዓት ላይ ነው። ስለ ጀርባው ያልከውም ቢሆን አንተ እንዳሰብከው ያለቀለት ነገር ላይሆን ይችላል፤ እሱን ቆየት ብዬ እመለስበታለሁ።

ልጁ ብረቱን ከመሬት አላቆ ቀጥ ብሎ ቆሟል፣ ዴድሊፍት ማለት ይኸው ነው፤ መልሶም አስቀምጦታል። አንተ አፍህን ስትከፍት 140ው ኪሎ ወለሉ ላይ ነው። ጀርባው የሚጎዳ ከነበረ ተጎድቷል፣ ካልሆነም ተርፏል፤ ማስጠንቀቂያህ ወደ ኋላ ተመልሶ ያለፈውን አያስተካክልም። እንዲህ ያለ ክብደት ዳግም የሚሞክረው ደግሞ ቢፈጥን ከሳምንታት በኋላ ነው። ታዲያ በዚያች ደቂቃ ምን ያስቸኩል ነበር? ሐሙስ ብትነግረው ከእርማቱ አንድም ነገር አይጎድልም ነበር። ማክሰኞ ስለነገርከው ግን ደስታውም ጎደለ፣ እርማቱም አልተሰማ።

እኛ አገር ይህን ድሮም እናውቀዋለን። ሸዋ ውስጥ ሰው ተነስቶ ሲፎክር መሃል ገብቶ «የተሻገርከው ወንዝ ያ አይደለም» የሚለው የለም። ጎኑ ያለው ሽለላ ያቀብለዋል፣ ሴቶቹ እልል ይላሉ፤ የተጣመመ ነገር ካለም ፎካሪው ተቀምጦ፣ ላቡ ደርቆ፣ ጠላው ተቀድቶ ነው የሚቃናው። ጓደኛህ በዚያች ሰዓት እየፎከረ ነበር፤ ድምፁን ባያሰማም።

የአደጋ ቃል ቦታው ከማንሳቱ በፊት ነው። እዚያ ላይ ፈቃድ አይጠየቅም። ቤንች ላይ የተጋደመ ሰው አውራ ጣቱን ባሩ ላይ፣ ዲስኮቹ በሚሰኩበት ረጅም ብረት ላይ፣ ሳያዞር ወደ ላይ ሊገፋ ሲል ካየህ ጮክ ብለህ አስቁመው፤ ባሩ ከመዳፉ ቢንሸራተት ደረቱ ወይም አንገቱ ላይ ነው የሚያርፈው፣ ቤንችና ዴድሊፍት ያሉበት የክብደት ውድድር፣ የፓወርሊፍቲንግ፣ ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን ሕግም እንዲህ መያዝን አይፈቅድም። ብቻውን ከባድ ሊሞክር ሲል ሂድና ራስጌው ቁም። እንቢ ካለህ፣ ከግራና ከቀኝ ባሩን የሚይዝ ብረትም ከሌለ፣ ቢያንስ የዲስኮቹን ማሰሪያ ፍታ በለው፤ ባሩ ደረቱ ላይ ቢቀር በአንድ ወገን አዘንብሎ ዲስኮቹን ማፍሰስ ይችላል፣ ከታሰሩ ግን ሥር ተቀብሮ ይቀራል። በአንዱ ጎን 20 በሌላው 15 ተጭኖ ካየህም ዝም አትበል። ዴድሊፍት አስቀምጦ ዓይኑ ከፈዘዘ ደግፈህ አስቀምጠው፤ ትንፋሽ አፍኖ ከባድ ነገር ሲነሳ የደም ግፊት ሽቅብ ይወጣና ሲለቀቅ በድንገት ይወርዳል፣ ሰው በቆመበት ራሱን ሊስት ይችላል። እንዲህ ባለው ጊዜ «ቅር ይለው ይሆን» ብለህ አታመንታ።

ይህን ሁሉ የምልህ እኔም በድዬ ስለማውቅ ነው። ከዓመታት በፊት በማሠለጥንበት ጂም ከመንዝ፣ ከመሐል ሜዳ ከተማ የመጣ አንድ ልጅ ነበር፤ ተማሪ ነው፣ ዝምተኛ። ወሩ ህዳር ነው። ውርጩ ገና አልቀለጠም፣ የቆርቆሮው ጣሪያ ይንቋቋል፣ ባሩን በባዶ እጅ ስትይዘው ያቃጥላል። ልጁ ጋቢውን አግዳሚው ላይ ጥሎ ግማሽ ሰዓት ያህል አሟሟቀና ለመጀመሪያ ጊዜ በ100 ኪሎ ስኳት ሠራ፤ ባር ትከሻ ላይ ተሸክሞ ዳሌ ከጉልበት እስኪወርድ ቁጢጥ ብሎ መነሳት ነው። ባሩን ሰቅሎ ወደ እኔ ሲመጣ ፊቱ በርቶ ነበር። እኔ «ጥሩ ነው፤ ግን አልወረድክም» አልኩት። «እሺ ጋሼ» አለኝ። ሌላ ቃል አልጨመረም። ጋቢውን ለብሶ ወጣ።

ከዚያ ወዲያ እኔ በሌለሁበት ሰዓት፣ ገና ሳይነጋ እየመጣ መሥራት ጀመረ። ሦስት ሳምንት ያህል እንዲህ ሆነ። አንድ ቀን ጓደኛው ያን ዕለት የቀረጸውን ቪዲዮ አሳየኝ። ስልኩ የተቀመጠው ከጎን፣ በወገብ ከፍታ፣ የዲስክ መደርደሪያው ላይ ነው። የዳሌው መታጠፊያ ከጉልበቱ አናት ወርዷል፤ ለማንም ግልጽ ነው። እኔ ቆሜ የነበረው ከፊት ለፊቱ ነው። ከፊት ሆነህ ከላይ ቁልቁል ስታይ ጉልበት ወደ አንተ ስለሚቀርብ ዝቅ ብሎ፣ ዳሌ ስለሚርቅ ከፍ ብሎ ይታይሃል። ከኋላ መሬት ላይ የተቀመጠ ስልክም ያንኑ ያደርጋል፤ እዚያ ደግሞ የሚቀርበው ዳሌው ነው። እኔ የቆምኩበት ቦታ ያሳየኝን ስህተት እንደ አሠልጣኝ ቃል አድርጌ ሰጠሁት፤ እሱም አሠልጣኝ ነው ብሎ ተቀበለኝ። ቪዲዮውን ካየሁ በኋላ ማልጄ ሄጄ «ወርደህ ነበር፤ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ» አልኩት። ተመልሶ ከእኔ ጋር ሠራ። ያቺ የመጀመሪያ ቀን ግን አልተመለሰችለትም።

አሁን ወደ ጓደኛህ ጀርባ ልምጣ። «ጎበጠ» ስትል የቱ ነው የጎበጠው? የላይኛው ጀርባው፣ ትከሻው አካባቢ፣ ከመነሻው ጎበጥ ብሎ እስከ መጨረሻው ሳይለወጥ ከቆየ ይህን ሆን ብለው የሚያደርጉ ብዙ ጠንካራ አንሺዎች አሉ። ወገቡ ቀጥ ብሎ ጀምሮ ባሩ ጉልበቱ ጋ ሳይደርስ እየታጠፈ ከሄደ ግን ሊሠራበት የሚገባ ነገር ነው። በዓይን ቀጥ ያለ የሚመስል ወገብ እንኳ ከባድ ነገር ሲነሳ በመጠኑ መታጠፉ በልኬት የታየ ነው፤ ስለዚህ «ታጠፈ» ብቻ ብሎ ፍርድ መስጠት አይቻልም። ስንት ታጠፈ? መቼ? ሕመምስ ነበረው? ይህችን የመጨረሻዋን ከእሱ በቀር የሚያውቅ የለም፤ አንተ ደግሞ አልጠየቅከውም።

ደግሞም ሪከርድ የቴክኒክ መመርመሪያ አይደለም። አቅም ጫፍ ላይ ሲደርስ የማንም ሰው ቅርጽ ይላላል፣ የሠለጠነውም ጭምር። የልጁን አነሳስ ማወቅ ከፈለግህ በ110 ኪሎ ሦስት ጊዜ ሲያነሳ እየው። እዚያም ወገቡ ከታጠፈ ልማድ ሆኗል ማለት ነው፤ ማረም ይገባል። እዚያ ቀጥ ካለ ግን ማክሰኞ ያየኸው የ140ውን ክብደት ነው፤ መድኃኒቱም ምክር ሳይሆን ጊዜና ጉልበት ነው።

«ይቆጠራል ወይስ አይቆጠርም» የሚለውም በየጂሙ የሚያጣላ ነገር ስለሆነ አንድ ሁለት ቃል ልበል። በፓወርሊፍቲንግ ሦስት ዳኞች ይቀመጣሉ፤ ከሦስቱ ሁለቱ ነጭ መብራት ካበሩ ማንሳቱ ጸድቋል። ለዴድሊፍት የሚፈለገው መጨረሻ ላይ ጉልበት ተዘርግቶ ትከሻ ወደ ኋላ መሆኑ ነው፤ ባሩ መንገድ ላይ ወደ ታች ከተመለሰ ወይም ጭን ላይ ተደግፎ ከተነሳ ቀይ ይበራል። የጎበጠ ጀርባ ብቻውን ቀይ አያሰጥም። ስለዚህ አንተ በሰው ፊት የጣልከውን ማንሳት ዳኞች ያጸድቁት ነበር ማለት ነው፤ ሌላ ግድፈት ከሌለበት። ዳኝነት ራሱ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ለማወቅ የኦሎምፒክ ክብደት ማንሳትን ታሪክ ተመልከት፦ ቆሞ ከትከሻ ወደ ላይ የሚገፋው የፕሬስ ውድድር እ.ኤ.አ. ከ1972ቱ የሙኒክ ኦሎምፒክ በኋላ እንዲቀር ተደረገ። አንዱ ዋና ምክንያት ሰዎቹ ወደ ኋላ እየተለጠጡ ሲገፉ የቱ ትክክል የቱ ስህተት እንደሆነ በወጉ መዳኘት አለመቻሉ ነው። የሠለጠኑ ዳኞች፣ ሥራዬ ብለው ለዚሁ ተቀምጠው። ጓደኛህ ደግሞ ውድድር ላይ አልነበረም፤ ከራሱ ያለፈው ወር ጋር ነበር የሚወዳደረው። «ጋሼ ይህ ውድድር ላይ ይጸድቃል?» ብሎ የጠየቀኝን ግን አላባብለውም። የጠየቀ እውነቱን ማግኘት አለበት።

ቃሉ ራሱ ላይም ልመለስ። «ትሰበራለህ» ነው ያልከው። አቭራሃም ክሉገርና አንጄሎ ዴኒሲ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1996 ባወጡት ጥናት በርካታ የቀደሙ ጥናቶችን ሰብስበው ሲመረምሩ ለሰው የሚሰጥ አስተያየት በአማካይ ውጤትን ቢያሻሽልም ከሲሶ በላይ በሆነው ግን ውጤቱን ዝቅ እንዳደረገው አገኙ። ማብራሪያቸው ለእኛ ሥራ ልክ የሚገባ ነው፦ አስተያየቱ የሰውየውን ሐሳብ ከሥራው አንስቶ ወደ ራሱ ማንነት ሲያዞረው ጥቅሙ ይቀንሳል። «ባሩ ከእግርህ ራቀ» ብትለው ስለ ባሩ ያስባል። «ተበላሽተሃል፣ ትሰበራለህ» ብትለው ስለ ራሱ ያስባል፣ በሚቀጥለው ጊዜም ባሩ ጋ ሲቀርብ ፍርሃቱን ይዞ ነው የሚቀርበው። የፈራ ሰው ሆዱን አጥብቆ፣ ትንፋሹን ሞልቶ አያነሳም፤ አንተ የፈራህለትን ጉዳት ራስህ ታቀርብለታለህ።

ሰው የማይታዘበው ሌላ ያልተጠየቀ አስተያየት ደግሞ አለ፤ እኔ ከሁሉ የምፈራው እሱን ነው። «ቀላል ነበር! አሥር ጨምር! ጨምር!» የሚለው። በጭብጨባ ስለሚመጣ ማንም እንደ አስተያየት አይቆጥረውም። ግን ሪከርድ የሰበረ ሰው ደክሟል፣ ድካሙን ግን ደስታው ሸፍኖበታል፤ በዚያ ላይ ሃያ ሰው ሲጮህ እንቢ ማለት ይከብደዋል። ወገባቸውን ይዘው ከመጡልኝ ልጆች ብዙዎቹ የተጎዱት ሪከርዱን ሲሰብሩ አልነበረም፤ ከሪከርዱ በኋላ በጨመሩት ነው። ስለዚህ ማክሰኞ ዕለት በእርግጥ ጀርባው አስግቶህ ከነበረ ልትሠራው የምትችለው አንድ ነገር ነበር፦ እያጨበጨብክ ሄደህ ዲስኮቹን ማውረድ። «እንኳን ደስ አለህ፤ ለዛሬ ይበቃሃል» ማለት። ስለ ጀርባው አንዲት ቃል ሳትተነፍስ ጀርባውን ትጠብቅለት ነበር።

እንዴት ይነገር ለሚለው ሰዎች ሁሉ የሚሉት «መጀመሪያ ፈቃድ ጠይቅ» ነው። ልክ ነው፤ እኛ ዘንድ ግን አይበቃም። ይሉኝታ አለ። «አንድ ነገር ልንገርህ?» ብለህ የጠየቅከው የሰሜን ሸዋ ልጅ ሆዱ እንቢ እያለ አፉ «እሺ፣ ምን ችግር አለ» ነው የሚልህ። ያ እሺታ ፈቃድ አይደለም፣ ጨዋነት ነው። የመሐል ሜዳው ልጅ «እሺ ጋሼ» ያለኝ ምን ነበር? ስለዚህ እምቢታው ዝም በማለት ብቻ እንዲሆንለት አድርገህ አቅርበው። «ሐሙስ ዴድሊፍት እሠራለሁ፣ ከፈለግህ አብረን እንተያይ» በለው። ካልፈለገ አይመጣም፣ ማንም ፊት ማንም አላፈረም። ከመጣ ደግሞ ፈልጎ ነው። ሌላው ምልክት ጥያቄ ነው፤ «ምን አየህብኝ?» ብሎ በራሱ አፍ ከጠየቀ በሩ ተከፍቷል። ራሱን ነቅንቆ ዝም ካለ ተዘግቷል፤ አትግፋው። ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት ይባል የለም? በር ሲከፈትም ለብቻው፣ ሰው በሌለበት፣ አንድ ነገር ብቻ ንገረው። ሦስት እርማት በአንድ ጊዜ የሰማ ሰው አንዱንም አይሠራም። ቃሉንም ከሰውነቱ ውጭ ባለው ነገር ላይ አድርገው፦ «ወገብህን አታጉብጥ» ከማለት «ባሩን ከቅልጥምህ አታርቀው» ወይም «ወለሉን ወደ ታች ግፋው» ማለት በአብዛኛው ቶሎ ይያዛል። ይህ የእኔ ልማድ ብቻ አይደለም፤ ጋብሪኤለ ዉልፍ የተባለች ተመራማሪ እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ ጀምሮ ስትሠራበት የቆየችው ነገር ነው።

ሰውየው በዕድሜ ከበለጠህ ነገሩ ይለያል። እኛ ጂም ጡረታ ከወጡ በኋላ የጀመሩ አባት አሉ። ለእሳቸው አንተ ሄደህ «ጋሼ እንዲህ አይያዝም» አትልም፤ አሠልጣኙን በጆሮው ንገረው፣ ሥራው ነው።

ስለ ሴቶቹ ግን ማለፍ አልችልም። አንዲት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ 80 ኪሎ ዴድሊፍት ባነሳችበት ቀን በአሥር ደቂቃ ውስጥ አራት ወንዶች መጥተው አራት የተለያየ ነገር ሲነግሯት ቆሜ አይቻለሁ። አንደኛው ራሱ 80 የማያነሳ ነው። አምስተኛው ደግሞ «ክንድሽ ወፈረ፣ ወንድ እንዳትመስዪ» አላት። ከጎኗ በዚያው ቀን 120 ያነሳውን ወንድ ማንም አላረመውም፤ የእሱ አነሳስ ከእሷ የባሰ ነበር። ሴት ልጅ ስትሠራ አፍህ ሊከፈት ሲል «ወንድ ቢሆን እናገረው ነበር?» ብለህ ራስህን ጠይቅ። ስለ ሰውነትና ስለ ምግብም እንደዚሁ ነው። በዐቢይ ጾም በሽሮና በበሶ ሪከርዱን የሰበረን ልጅ «ሥጋ ብትበላ እኮ የት በደረስክ» ማለት ጾሙንም ሪከርዱንም ማቃለል ነው። ከሸዋ ሮቢት ቆላ በጣርማ በር ወጥቶ ከባሕር ጠለል 2,800 ሜትር በላይ የመጣን ሰውም «ትንፋሽህ አጭር ነው» አትበለው፤ አንዴ የሚነሳ ክብደት በከፍታ ብዙም አይቀንስም፣ በዙሮቹ መካከል የሚያስፈልገው ዕረፍት ነው የሚረዝመው፤ በጥቂት ሳምንት ይለምደዋል።

አንዳንዴ ደግሞ እርማቱ ሰውየውን አይመለከትም። እኛ ጂም በአካባቢው የተበየዱ ዲስኮች አሉ። «የ20» የምንለውን አንዱን አንድ ቅዳሜ ተሸክሜ እህል መጋዘን ሄጄ ሚዛን ላይ ሳስቀምጠው 17 ኪሎ ተኩል ወጣ። በዚያ ዲስክ ሪከርድ የሰበሩ ልጆች ነበሩ። ለማንም «ያንተ 120 ውሸት ነው» አላልኩም። ዲስኮቹን ሁሉ አስመዘንኩና እውነተኛ ክብደታቸውን በነጭ ቀለም ጻፍኩባቸው። ሰኞ የመጣ ሁሉ አነበበ፣ ሒሳቡን ለየራሱ አደረገ። አንድ ሁለቱ በሁለት ወር ውስጥ የጎደለውን ሞልተው እውነተኛውን ቁጥር ይዘው መጡ።

አሁን ለጓደኛህ ምን ታድርግ? ዛሬውኑ ሂድለት። ስልክ አትደውል፣ መልእክትም አትጻፍ፤ ፊትህን ማየት አለበት፣ ከፍትፍቱ ፊቱ ነውና። «ያን ቀን ማለት ሲገባኝ ያላልኩትን ልል መጣሁ፤ 140 ኪሎ! እንኳን ደስ አለህ» በለው። «ግን» የምትል ቃል አታስከትል። ልክ እንደነበርክ አታስረዳ፣ ለእሱ አስበህ እንደሆነም አትንገረው፤ መምጣትህ ይነግርልሃል። ቡና ካለ ጠጣ። ከቻልክ እንዴት እንዳነሳው ጠይቀው፤ ባሩ ከመሬት ሲላቀቅ ምን ተሰማው፣ የት ላይ ከበደው። ሲተርክ አታቋርጠው። የከበደው ቦታ አንተ ያየኸው ቦታ ሊሆን ይችላል፤ ከሆነም በራሱ አፍ ይድረስበት።

«ጀርባዬ ምን ሆኖ ነው እንዲያ ያልከኝ?» ብሎ ከጠየቀህ ሐሙስ ጂም ተገናኙ። ባሩ ላይ 110 አድርጉ። ስልኩን ከጎኑ፣ በወገቡ ከፍታ፣ ሦስት እርምጃ ርቀህ አስቀምጥና ሦስት ጊዜ ያንሳ። ከዚያ አብራችሁ ስታዩ ስለ ጀርባው ከማውራታችሁ በፊት ባሩ ሲነሳ ከእግሩ መሃል በላይ መሆኑን ተመልከቱ፤ ወደ ጣቶቹ ወጣ ካለ ወገቡን የሚጎትተው እሱ ነው፣ እዚያው ባሩን ሁለት ጣት ያህል ወደ ቅልጥሙ ያስጠጋና እንደገና ያንሳው።